ከሠርግ በፊት ምን ልውሰድ? ባዮቲን፣ አይረን፣ ኮላጅን ወይስ ፎሊክ አሲድ

ታኅሣሥ ሲገባ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ሙሽሮች ይበዙበታል። የጥር ሠርግ ደርሷላ። አንዷ ስልኳን አውጥታ የጠርሙስ ፎቶ ታሳየኛለች። ሌላዋ አክስቷ ከዱባይ የላከችላትን ሦስት ዓይነት ቫይታሚን በፌስታል ይዛ ትመጣና «እህቴ፣ ከነዚህ የትኛውን ልጀምር?» ትለኛለች። እናቶችም ይመጣሉ። «ልጄ ሳስታብኛለች፣ ፊቷን የሚመልስላት ነገር ስጪኝ» ይላሉ።

ለሁሉም ቆሜ አንድ በአንድ ባስረዳ ደስ ይለኛል። ወረፋው ግን አይፈቅድም። ስለዚህ ባንኮኒ ላይ በችኮላ የምመልሰውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ጠርሙስ ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ለሠርጉ ስንት ጊዜ ቀረ? ሰውነቴስ በእርግጥ የጎደለው ነገር አለ ወይ? ጠርሙሱ ላይ ያለችው ባለ ረጅም ፀጉር ሴት ለሁለቱም መልስ የላትም።

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ

ፀጉር በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ሙሉ በሙሉ ለመለወጥ 6 ወር ያህል ይፈጅበታል። የቆዳ የላይኛው ሽፋን የሚታደሰው በ4 ሳምንት አካባቢ ነው። ስለዚህ ሠርጉ አንድ ወር ሲቀረው የተጀመረ የፀጉር ኪኒን፣ ቢሠራ እንኳ፣ ለውጡ የሚታየው ሥሩ ላይ ባለችው 1 ሴንቲ ሜትር ነው። እሷንም ሹሩባው ይሸፍናታል።

የእኛ የሠርግ ወራት ደግሞ የራሳቸው ነገር አላቸው። የጥር ሠርግ የሚመጣው ከጾመ ነቢያት በኋላ ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሠርግ የሚመጣው ከ55 ቀን ዐቢይ ጾም በኋላ ነው። የምትጾም ሙሽራ ለሠርግ የምትዘጋጀው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከማዕዷ በራቁበት ጊዜ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሩጫው አለ። አዳራሽ፣ የጥሪ ካርድ፣ የልብስ ልክ፣ ዲኮር። ምሳ ይዘለላል፤ ቡና ይበዛል። ረመዳንን ጾመው በሸዋል የሚያገቡትም የምግብና የእንቅልፍ ሰዓታቸው ተዛብቶ ነው ወደ ሠርጉ የሚደርሱት። ፊት ሲጠወልግና ፀጉር ሲረግፍ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ባዮቲን ወይስ አይረን?

ሁለቱም የሚገዙት ለአንድ ቅሬታ ነው፤ «ፀጉሬ እየረገፈ ነው» ለሚለው። ሰው ግን ሮጦ የሚገዛው ባዮቲኑን ነው።

ባዮቲን ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 30 ማይክሮግራም ይበቃዋል። ገበያ ላይ ያሉት ጠርሙሶች ግን 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም የያዙ ናቸው። እንቁላል ውስጥ አለ፣ ለውዝ ውስጥ አለ፣ ስኳር ድንች ውስጥም አለ። በጤነኛ ሰው ላይ እጥረቱ ብርቅ ነው። እጥረት የሌለበት ሰው ቢወስደው ፀጉሩን እንደሚያበዛለት የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ የለም። ትርፉ በሽንት ይወጣል። እኔን ብትጠይቁኝ ለሠርግ ከሚወጣው የቫይታሚን ገንዘብ ብዙው የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። በብዛት የተወሰደ ባዮቲን የላቦራቶሪ ምርመራን ያሳስታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2017 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የታይሮይድ፣ የሆርሞንና የልብ ምርመራ ውጤት ከእውነተኛው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። እኛ አገር ደግሞ ከጋብቻ በፊት ደም መመርመር የተለመደ ነው። ብዙ የሃይማኖት ተቋማት ሙሽሮች የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ይዘው እንዲመጡ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ባዮቲን የምትወስዱ ከሆነ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ለላቦራቶሪው ሰው ንገሩት። ሐኪሙ እንደሚያዘው ቢያንስ 2 ወይም 3 ቀን አስቀድሞ ማቋረጥ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አይረን፣ ደም ወደሚሠራበት የብረት ማዕድን። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶ የሚሆኑት ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከአራት ሴት አንዷ ማለት ነው። አይረን ሲያንስ ፀጉር ይረግፋል፣ ጥፍር ይሰባበራል፣ ፊት ይገረጣል፣ ደረጃ መውጣት ያደክማል። ሙሽራዋ በአራት የተለያየ ጠርሙስ ልታክመው የምትሞክረው ነገር አንዳንዴ አንድ ነገር ነው።

ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ብቻ ተመርምሮ «ደምሽ ጥሩ ነው» ቢባልም ነገሩ ላያልቅ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ በተፈጥሮ ከፍ ይላል። ለቆላ ሰው ደህና የሆነ ቁጥር ለደጋ ሰው ትንሽ ሊሆን ይችላል። በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን አይረን የሚያሳየው ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ነው። ፀጉሯ ለሚረግፍ ሙሽራ ከጠርሙስ በፊት ይህን ምርመራ እመክራለሁ።

ሳይመረመሩ መጀመር ግን ልክ አይደለም። ያልጎደለው ሰው አይረን ሲወስድ ጥቅም የለውም፤ ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል። ወንዶች በቀን የሚያስፈልጋቸው 8 ሚሊግራም ነው፣ በወር አበባ ዕድሜ ያሉ ሴቶች 18። ወንድ ሙሽራ «ለጉልበት» ብሎ የእጮኛውን አይረን መዋጥ የለበትም።

ሐኪም ካዘዘላችሁ አወሳሰዱን አታበላሹት። ቡናና ሻይ አይረንን ከሆድ እንዳይገባ ይይዙታል። ምሳ በልቶ፣ ኪኒን ውጦ፣ ወዲያው ቡና መጠጣት ገንዘብ እንደ መጣል ነው። በመሃል 2 ሰዓት ያህል ይኑር። ብርቱካን ወይም ሎሚ ያለበት ውሃ ግን ይረዳዋል። ለጾም ምግቡም እንደዚያው ነው። የምስሩና የጎመኑ አይረን ከሥጋው ይልቅ ወደ ደም መግባት ይከብደዋል፤ አጠገቡ ቲማቲምና ቃሪያ ያለበት ሰላጣ ሎሚ ተጨምቆበት ሲቀርብ ይሻላል። ቀን ዘለል አድርጎ መውሰድም የተሻለ እንደሚገባና ሆድ እንደማያስቸግር ጥናቶች አሳይተዋል። ይህን ሐኪማችሁን ጠይቁት። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ የኪኒኑ ነው። ሠርግ ቤት ሕፃናት ይበዛሉና ኪኒኑን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ብዙ አይረን የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል።

አይረን ጊዜ ይፈልጋል። ድካሙ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል፤ ክምችቱ እስኪሞላ ግን ወራት ይወስዳል። ከሠርጉ 4 ወይም 5 ወር በፊት የጀመረች ታተርፋለች።

አንዳንዴ ደግሞ ባዮቲንም አይረንም መልስ አይሆኑም። ግንባር ላይ ያለው ፀጉር ብቻ ከሳሳ ጥፋቱ የሚጠብቀው ሹሩባና የሚጎትተው ዊግ ነው። ኪኒን ሹሩባን አያላላም። በአንዴ ብዙ ኪሎ የቀነሰች ሴትም ከ2 ወይም 3 ወር በኋላ ፀጉሯ በእፍኝ ሊረግፍ ይችላል። ጥቅምት ላይ ራሷን ያስራበች ሙሽራ ጥር ላይ ማበጠሪያዋ ሲሞላ ምክንያቱ አይገባትም።

ኮላጅን

ከባዮቲን ይልቅ ለኮላጅን፣ ቆዳን አጥብቆ ለሚይዘው ፕሮቲን፣ ትንሽ የተሻለ አስተያየት አለኝ። በቀን ከ2.5 እስከ 10 ግራም፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት የወሰዱ ሰዎች የቆዳቸው እርጥበትና ልስላሴ መጠነኛ መሻሻል እንዳሳየ የሚናገሩ ጥናቶች አሉ። ብዙዎቹ ግን የሻጮቹ ገንዘብ ያለባቸው ናቸው። ለውጡም ትንሽ ነው። ወጪው የማይከብዳት፣ 3 ወር የቀራት ሙሽራ ብትሞክረው አልቃወምም። ወር ለቀራት አልሸጥላትም፤ ያንን ገንዘብ ለጥሩ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ታውለው።

አንድ ነገር ግን እወቁ። ኮላጅን የሚሠራው ከከብት ቆዳና አጥንት፣ ከዓሣ፣ አንዳንዴም ከአሳማ ነው። የጾም አይደለም። ከአሳማ የተሠራውን ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይፈልገውም። የብዙ ቫይታሚኖች ለስላሳ እንክብል የሚሠራበት ጄላቲንም እንደዚያው ነው። ብዙ ጊዜ ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ምንጩ ይጻፋል፤ አንብቡት ወይም አስነብቡት።

ቫይታሚን ዲ እና ቢ12

ቫይታሚን ዲ የሚያስፈልገው ፀሐይ ለማያገኝ ሰው ነው። ቤሩት ወይም ሪያድ ከቤት ሳትወጣ ዓመታት ሠርታ ለሠርጓ የመጣች እህት፣ ስቶክሆልም ክረምቱን ያሳለፈ ሙሽራ፣ ሁለቱም ቢመረመሩ ጥሩ ነው። በእንግሊዝ የጤና አገልግሎቱ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በቀን 400 ዩኒት ለመውሰድ እንዲያስቡበት ይመክራል። ያለ ሐኪም በቀን ከ4,000 ዩኒት አትለፉ። 50,000 ዩኒት የሚለው እንክብል አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን የሚታዘዝ ነው። በየቀኑ የሚውጡት ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ ይህ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጎዳል።

ቢ12ን በተመለከተ ጾም ብቻውን በሁለት ወር አያሟጥጠውም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ያስቀምጣል። ፍስክም ሲሆን ሥጋና ወተት የማይነኩ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ፣ ወይም የጨጓራ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙ ግን ይመርመሩ። እጅና እግር መደንዘዝ አንዱ ምልክት ነው።

ማወፈሪያና ማቅጠኛ

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

«ልብሱ እንዲሞላልኝ» ብለው የማወፈሪያ ኪኒን የሚጠይቁ አሉ። በዚህ ስም በየጓዳው የሚዞሩት በአብዛኛው ሁለት መድኃኒቶች ናቸው። አንዱ ሳይፕሮሄፕታዲን ነው። የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ እንቅልፍም ያበዛል። ሁለተኛው ዴክሳሜታዞን ነው። እሱ ስቴሮይድ ነው። ፊትን ያሳብጣል፣ ብጉር ያወጣል፣ የደም ስኳርና ግፊት ከፍ ያደርጋል። በፎቶ ላይ የሚታየው «የተመለሰ ፊት» እብጠት ነው። ለሳምንታት ተወስዶ በድንገት ሲቆም ደግሞ ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት ስላቆመ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ሠርጉ ሲያልፍ ኪኒኑን ጥላ ለጫጉላ የምትሄድ ልጅን አስቡ። መወፈር የምትፈልግ ሙሽራ ከሐኪም ጋር ትነጋገር፤ በቤት ደግሞ ገንፎ፣ ለውዝ፣ አቮካዶ፣ የተልባ መጠጥ፣ በቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ። ሁለት ወር ይበቃታል።

የማቅጠኛ ሻይና ቡና ደግሞ በሌላ በኩል አለ። ብዙዎቹ ውስጥ ሴና የሚባለው የሚያስቀምጥ ቅጠል አለ። የሚወጣው ውሃ ነው፤ ስብ አይደለም። አንዳንዶቹ ውስጥ ሲቡትራሚን ተደብቆ ተገኝቷል። ይህ መድኃኒት የልብ ድካምና ስትሮክ አደጋን ስለሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣ ነው። «ሙሉ በሙሉ ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ስላለበት አትመኑት። ሁለቱንም፣ ማወፈሪያውንም ማቅጠኛውንም፣ ከምርጫ ውስጥ አውጧቸው።

የማቅላት መርፌ

ግሉታታዮን በመርፌ የሚወጉ ሙሽሮች መኖራቸው ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የፊሊፒንስ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ይህን መርፌ ለማቅላት መጠቀም ጉበትን፣ ኩላሊትንና ነርቭን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ቆዳን እንደ ቃጠሎ የሚልጥ ከባድ አለርጂም ሊያስከትል ይችላል። የጠይም ሙሽራ ውበት ማስተካከያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። ይህን ስል ለማባበል አይደለም፤ አምኜበት ነው።

የወር አበባን ማዘግየት

ሰፕሊመንት (ከምግብ በተጨማሪ የሚወሰድ ቫይታሚንና የመሳሰለው) ባይሆንም በየሠርጉ ሰሞን እጠየቃለሁ። ተክሊል ለሚደርስላት ሙሽራ ቀኑ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ከቅዳሴው እንዳትቀር ትጨነቃለች። ለዚህ የሚታዘዘው ኖርኤቲስቴሮን ነው። ከሚጠበቀው ቀን 3 ቀን አስቀድሞ ይጀመራል፤ ካቆሙት ከ2 እስከ 3 ቀን በኋላ ይመጣል። የደም መርጋት ያጋጠማት ወይም በቤተሰቧ ያለ ሴት ልትወስደው አይገባም። በዚህ አወሳሰድ እርግዝና አይከላከልም። ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት።

ለወንዱ

ለጂም ከሆነ ክሪያቲን በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም በደንብ የተጠና ነው። ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ችግር የለውም። በጡንቻ ውስጥ ውሃ ስለሚይዝ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሊጨምር ይችላል፤ ሱፉ ከተለካ በኋላ አትጀምሩት።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ጓደኞች ለሙሽራው በስጦታ የሚሰጡት «የወንድነት ማር» ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያሉ የማር ምርቶች ውስጥ ሲልዴናፊልና ታዳላፊል ተደብቀው እንዳገኘ አስታውቋል። እነዚህ በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። ናይትሬት ለልቡ የሚወስድ ሰው ይህን ማር ቢበላ ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እንደ ማር ስለሚቆጠር ማንም መጠኑን አያውቅም። ችግር ያለበት ሙሽራ ሐኪም ቢያማክር ነውር የለበትም።

ስትገዙ

በአሜሪካ ሰፕሊመንት ገበያ ከመውጣቱ በፊት መንግሥት መሥራቱንና ደኅንነቱን መርምሮ አያጸድቀውም። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ሕጉ እንደዚያ ነው። «ከአሜሪካ ነው የመጣው» ማለት ተመርምሯል ማለት አይደለም። ዩኤስፒ ወይም ኤንኤስኤፍ የሚል የማረጋገጫ ምልክት ያለበትን ምረጡ፤ ቢያንስ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከተጻፈው ጋር መመሳሰሉ ታይቷል። አገር ውስጥ ስትገዙ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቦ እንደሆነ መድኃኒት ቤቱን ጠይቁ። በቴሌግራም የሚሸጥ፣ ክዳኑ የተነካ፣ ቀኑ የተፋቀ ነገር አትግዙ። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ምንም አዲስ ነገር አትጀምሩ። ሽፍታ ቢወጣ ለመዳን ጊዜ የለም።

ማንም የማይጠይቀኝ

ከሠርግ በፊት ለሴት አንድ ብቻ ምረጪ ብባል የምመርጠው ባንኮኒው ላይ ማንም ስሙን የማይጠራው ነው፤ ፎሊክ አሲድ።

ልጅ ቶሎ ለመውለድ ላሰበች፣ ወይም «ከመጣም ደስ ይለናል» ለምትል ሙሽራ፣ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ቢያንስ ከእርግዝናው አንድ ወር በፊት። ምክንያቱ ይህ ነው። የሕፃኑ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ ከፅንሱ በ28 ቀን ውስጥ ይዘጋል። በዚያ ጊዜ አብዛኛዋ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ቱቦው በደንብ ሳይዘጋ ሲቀር ሕፃኑ ጀርባው ተከፍቶ ወይም አንጎሉ ሳይሟላ ይወለዳል። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ይህ ችግር እኛ ዘንድ ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ መሆኑን አሳይተዋል። በጊዜ የተጀመረ ፎሊክ አሲድ ብዙውን ይከላከላል። እርግዝና ክትትል ላይ ሲሰጥ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ወር ወይም ሦስት ወር አልፏል፤ ቱቦው ተዘግቷል ወይም ሳይዘጋ ቀርቷል። ዋጋው ከኮላጅኑ ጋር አይወዳደርም፤ ርካሽ ነው።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ፣ ስኳር ያለባት፣ ወይም ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ሴት ከ4 እስከ 5 ሚሊግራም ሊታዘዝላት ይችላል። እሷ ሳታማክር አትጀምር።

የቆዳና የፀጉር ተብለው የሚሸጡ እንክብሎች ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ ደግሞ ተጠንቀቁት። በሬቲኖል መልክ በቀን ከ10,000 ዩኒት ካለፈ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል፤ ሁለት ጠርሙስ ደርቦ የሚወስድ ሰው ሳያውቀው ይደርስበታል። ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የወሰደች ሙሽራ ካቆመች በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ሳይሞላት ማርገዝ የለባትም። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው የጭንቀት ዕፅ የእርግዝና መከላከያ ኪኒንን ያዳክማል፤ አብረው አይወሰዱም።

ፎሊክ አሲዱ ሠርጉ ሲያልፍ የሚቆም አይደለም። መልሱ፣ ቅልቅሉ አልፎ ሌላው ጠርሙስ ሁሉ ሲጣል እሱ ይቀጥላል፤ እርግዝናው 12 ሳምንት እስኪሞላው።